ሁለት ወንበር ብቻ ያላት መኪና

ጥቅምት 6

ይድረስ ለዳዶዬ፣

ጤናሽ እንደ አዲስ ሞተር ይሁን፤ ሳያንኳኳ፣ ሳያጨስ፣ ዘይት ሳይጠጣ። እኔን ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከጎረቤቴ ከሰዓት ሠሪው ምላስ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም፤ ተመስገን።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእህቴ ልጅ የስፖርት መኪና ሙዚየም ውስጥ ቴክኒሻን ሆነች! በሦስት ዓመትሽ ከሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የብሎን ዳዶ አንስተሽ የዋጥሽ ቀን እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ልጄን ገደልካት" ብላ ስትጮህብኝ፣ "ተይ እህቴ፣ ሙያው እየገባት ነው" ያልኳት ለዚህ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ፖፖ ስንጠብቅ ከረምን። ዳዶው ወጣ፤ ስሙ ግን አንቺ ላይ ቀረ።

ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሰዓት ሠሪው "እሷ ቴክኒሻን ከሆነች አንተ ምን ልትባል ነው?" አለኝ። "የቴክኒሻን አጎት" አልኩት።

እንግዲህ ያየሽውን አትንፈጊኝ። እኔ እነዚያን መኪኖች የማውቃቸው አንድ ደንበኛ ወንበሩ ሥር ረስቶት በሄደው መጽሔት ነው። ቋንቋውን አላውቀው፤ ሥዕሉን አነበብኩት። ድሮ የስፖርት መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ እብድ የቤተሰቡን መኪና ወስዶ የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎዋን ፈታ፣ ጣራዋን ፈታ፣ የኋላ ወንበሯን ፈታ፤ የተረፈችው ነገር እንደ ነፋስ ሄደች። ሌሎቹ እብዶች አዩና ተከተሉት። ለዚህ ነው ወንበሯ ሁለት ብቻ የሆነው፤ አንዱ ለሚነዳት፣ አንዱ "ኧረ ቀስ በል!" ለሚለው።

የኛዋ ቀይ የስፖርት መኪና ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸራዋን ለብሳ አለች። ቆርቆሮዋ አልቋል፣ ቸርኬዋ አልቋል፣ የቀራት ትንፋሽ ብቻ ነው። የሁለቱ ካርቡራተሮች መርፌ ተበልቷል። ቁጥሩን ከዚህ ጋር ጽፌልሻለሁ። ገንዘብ አትላኪ፣ መርፌ ላኪ። መርፌው ከመጣ ሁለቱን እኩል ማስተንፈስ የኔ ፈንታ ነው፤ እንደ ድሮው የጎማ ቱቦዬን አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ አንዱን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ። ሰፈሩ እስካሁን "ዶክተር ቱቦ" ነው የሚለኝ። አንቺ ግን ቱቦውን ከእጄ ነጥቀሽ "ግራው ይበልጣል ጋሼ" ስትዪኝ አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሽ አታውቂም።

አጎትሽ


ኅዳር 21

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ብርድ ወጥቶ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ሙቀቱን እንዳያጣ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው። የዘገየሁት በሥራ ብዛት ነው።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወለሉ ነጭ፣ ጣራው መስታወት። ሠላሳ አራት መኪኖች በዕድሜያቸው ተሰልፈዋል። መጀመሪያ የነሐስ መብራት ያላቸው፣ ቀጥሎ ኮፈናቸው በቆዳ ቀበቶ የሚታሰረው ረጃጅሞቹ። ከነሱ ቀጥሎ አንዲት ብርማ አለች፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ገላዋን በእጅ መዶሻ ነው የቀጠቀጡት፤ ጎንበስ ብለው በብርሃን አንጻር ካዩት የመዶሻው ምት እስካሁን ይታያል። የሽቦ ቸርኬዎቿ እያንዳንዳቸው ሰባ ሁለት ሽቦ አላቸው። አቧራው ሽቦዎቹ በሚጠላለፉበት ቦታ ነው የሚደበቀው፤ በቀጭን ብሩሽ ካልሆነ አይወጣም። የበር እጀታዎቹ ደግሞ ከሥር በኩል የጣት አሻራ ይይዛሉ። ገመድ ተዘርግቶም ሰው እጁን አሳልፎ ይነካል።

የኛን የመሰለችም አለች፤ አረንጓዴ ናት፣ መጨረሻ ላይ መስኮቱ አጠገብ። ትንሽ ሆና አገኘኋት። ያኔ ትልቅ የመሰለችኝ እኔ ትንሽ ስለነበርኩ ይሆናል።

መርፌዎቹን አፈላልጋለሁ። ለሰዓት ሠሪው ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለዳዶዬ፣

ፈጣሪ ከብርዱ ይጠብቅሽ፤ የሰበርሽውንም መስታወት ይቅር ይበልሽ። የምን መስታወት ትዪኝ ይሆናል። በልጅነትሽ "እርስዎ" የምትዪኝ መስታወት የሰበርሽ ቀን ብቻ ነበር። ምን እንደሰበርሽ አልጠይቅሽም። ሲያሰኝሽ ትነግሪኛለሽ።

ሰባ ሁለት! ቆጥረሽዋል ማለት ነው። ያን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው የምዞረው።

ስለ ብርማዋ ስታነሺ አንድ ወሬ ትዝ አለኝ። በድሮው ውድድር እያንዳንዱ አገር በቀለሙ ይታወቅ ነበር፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ነጮቹ በውድድሩ ዋዜማ ሲመዘኑ መኪናቸው አንድ ኪሎ በለጠች አሉ። ምን ይፍቱ? ቀለሙን ፍቀው ጣሉትና በቆርቆሮዋ ገቡ። ብር ሆነች፣ ብር ሆና ቀረች። እውነት ይሁን ውሸት አልምልም፤ ወሬው ግን ያምራል።

ሌላም አለ። በአንድ ትልቅ ውድድር ሾፌሮቹ መንገዱን ሮጠው ተሻግረው ነበር መኪናቸው ውስጥ ዘለው የሚገቡት። ቀበቶ የሚያስር የለም፤ ማን ጊዜ አለው? አንዱ ግን "ለመሞት አልሮጥም" ብሎ እየተንሸራሸረ ተሻገረ፣ ቀበቶውን ረጋ ብሎ አሰረ፣ ከሁሉ ኋላ ተነሣ። በማግስቱ አንደኛ ወጣ! ከዚያ ወዲህ ሩጫው ቀረ። ይቺን ታሪክ መኪናቸው ለዘገየባቸው ደንበኞች ሁሉ እነግራለሁ። አንዳንዱ ይስቃል።

ፖስታኛው ሦስት ቀን በሬን አንኳክቶ ተመለሰ አሉ። ጣቱ ሰልሏል መሰለኝ። ሰዓት ሠሪውም "ለምን ትጮህብኛለህ?" ይለኛል። ድምፄ አምሮ ነው።

መርፌው ይቆይ፤ አሁን የምለምንሽ ሌላ ነው። እነዚያ መኪኖች ሲነሡ ምን ይላሉ? ድምፃቸውን ጻፊልኝ። አደራ፣ በጽሑፍ።

አጎትሽ


የካቲት 14

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎን በሩቁ እየጠየቅሁ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ እለምናለሁ።

እዚህ ሞተር የሚነሣው በዓመት አንድ ቀን ነው። ጎብኚ በሌለበት ወደ ጓሮ ይገፏቸውና እንዳይደርቁ ያስነሷቸዋል። ያ ቀን ባለፈው ሳምንት ነበር። ድምፅ እንዴት ይጻፋል? ሞክሬ ወረቀቱ ላይ "ብሩም" ብቻ ሆነብኝ፤ አፍሬ ቀደድኩት። ስለዚህ የብርማዋን በካሴት ቀድቼ ከመርፌዎቹ ጋር ልኬልዎታለሁ። መርፌዎቹን ያገኘኋቸው አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሽማግሌ ዘንድ ነው፤ ለምን እንደፈለግኋቸው ስነግረው ሳጥኑን ሁሉ ገልብጦ ፈለገልኝ።

ሰሞኑን ብዙ የምጽፈው የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 19

ይድረስ ለዳዶዬ፣

እጅሽ ይባረክ፤ እግርሽ የረገጠው መንገድ ሁሉ አስፋልት ይሁንልሽ! መርፌዎቹ በጥጥ እንደተጠቀለሉ ሳይጎብጡ ደርሰዋል።

ካሴቱንም አዳመጥኩት። ሰዓት ሠሪውን "ዛሬ እንግዳ አለብኝ" ብዬ አባርሬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሦስት ጊዜ! ኧረ ምን ዓይነት ድምፅ ነው! መጀመሪያ ዝቅ ብላ ታጉረመርማለች። ትንሽ ታቆማለች፣ የምታስብ ይመስል። ከዚያ ደግሞ ከፍ ትላለች። መሃል ላይ አንድ ረጅም ዝምታ አለ፤ ማርሽ ሲቀይሩ ይሆናል። ብቻ ለአለቆችሽ አንድ ነገር ንገሪያቸው፤ ሦስተኛዋ ሲሊንደር ትንሽ ትዘገያለች። "አጎቴ ባሕር ማዶ ሆኖ ሰማት" በያቸው።

የኛዋም ተነሣች! ሸራውን ገፈፍኩ፣ መርፌውን ከተትኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፤ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ! ሰዓት ሠሪው ወረንጦውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። ጭሱ እሱን አስሎት እኔን አሳቀኝ። ሁለቱ ካርቡራተሮች ግን አልተስማሙም፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ያኮርፋል። እኩል እስኪተነፍሱ ድረስ ከግቢ አላወጣትም። ያላስማሟት ሞተር ፒስተኗን ትበላለች፤ ሌላ ሞተር የምጠብቅበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደግሞ የለኝም።

አጎትሽ


ሚያዝያ 7

ጋሼ፣

ሰላምታውን ሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።

ካሴቱ ላይ ሞተር የለም።

ሁለት ካሴት ነበረኝ፤ አንዱም ላይ ምልክት አላደረግሁም። የሞተሩ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ሦስተኛዋን ሲሊንደር ልሰማ አስገባሁት፤ ያልከው ሁሉ የለበትም። ከዚያ ነው የገባኝ።

አንተ ጋ የመጣው እኔ ያወራሁበት ነው። እዚህ በቋንቋችን የማወራው ሰው የለም። ከሥራ ስመለስ ቴፑን እከፍትና አንተ ፊት ለፊቴ የተቀመጥክ ይመስል አወራለሁ። አፌ እንዳይረሳ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ልልከው አልነበረም።

ዝቅ ብላ የምታጉረመርመው እኔ ነኝ። ያ ረጅሙ ዝምታም የማርሽ አይደለም።

ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማትሰማው?

ካሴቱን ለማንም አታሰማብኝ። አጥፋው።

ዳዶ


ሰኔ 11

ይድረስ ለዳዶዬ፣

"ጋሼ" ስላልሽኝ ሰላምታው ደርሶኛል። አንቺም ከኔ የሚገባሽን ያህል ይድረስሽ።

ይቺን ደብዳቤ ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ስጽፍ እቀድዳለሁ፣ ስቀድድ እጽፋለሁ።

ግራው ከሄደ አራት ዓመት ሆነው። ቀኙ ባለፈው ዓመት ተከተለው። የሰውን ወሬ አሁን ከከንፈሩ ነው የማነበው። አርባ ዓመት ሙሉ የጭስ ማውጫ ማርሚታ በመዶሻ ስወቅጥ ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እንኳ ከትቼ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የኔው ባዳነቱ አልበቃው ብሎ ጭራሽ አገር ጥሎ ሄደ።

ቱቦውን አሁንም ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ደንበኛ እንዳይሸሽ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ "አሃ!" እላለሁ። ሥራውን የሚሠራው መዳፌ ነው፤ ሞተሩ ላይ አሳርፈዋለሁ፣ መንቀጥቀጡ የሆነ ነገር ይነግረኛል። ሁሉንም ግን አይነግረኝም። ካሴትሽንም እንደዚያው ነው የሰማሁት። መዳፌን ቴፑ ላይ አድርጌ፣ ሲንዘር "ይቺ ናት ብርማዋ!" ብዬ ብቻዬን ስቄአለሁ። ለካ ሦስት ጊዜ የዳሰስኩት ያንቺን ድምፅ ኖሯል።

አላጠፋሁትም። ተቆጪኝ፤ ግን የልጅሽ ድምፅ እጅሽ ላይ እያለ ምን እንዳለችሽ ሳታውቂ መኖር ትችያለሽ? እኔ አልቻልኩም። ለሰዓት ሠሪው ሰጠሁትና የሰማውን ሁሉ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ሁለት ቀን ሱቁን ዘጋ። በጥገና ደረሰኞቹ ጀርባ ላይ፣ በዚያ ጉንዳን በመሰለ ጽሕፈቱ፣ አሥራ አራት ቅጠል ጽፎ አመጣልኝ። ምላሱ ከሰዓቶቹ ሁሉ በላይ የማይቆመው ሰው ወረቀቱን አስረከበኝና ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ። በማግስቱም አልተሰዳደብንም።

ስድስተኛው ቅጠል ላይ "በስሜ ማንም ሳይጠራኝ አርባ ቀን ሞላኝ፤ ደረቴ ላይ ባለው ቁጥር ነው የሚጠሩኝ" ይላል። ዘጠነኛው ላይ፣ በምሳ ሰዓት ከገመዱ ሥር ሾልከሽ አረንጓዴዋ ውስጥ ተቀመጥሽ። መሪው ጋ አልተቀመጥሽም፤ ጎኑ ባለው፣ በልጅነት ወንበርሽ። ከሥሩ ሰዓት ሠሪው በቅንፍ "እዚህ ላይ ዝም ትላለች" ብሎ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ባዶ ነው። ባዶውን ብዙ ጊዜ አየሁት።

ጽዳት ላይ መሆንሽን ግን ከኅዳሩ ደብዳቤሽ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ቴክኒሻን ቢሆን ስለ ሞተር ይጽፍልኝ ነበር፤ አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ አቧራ ነው። በር እጀታ ሥር ያለ አሻራ የሚያየው የሚጠርገው ሰው ብቻ ነው። እኔም ዝም አልኩ፤ የኔም ምስጢር ስለነበር ተቻቻልን። ስንዋሻሽ ዓመት ሊሞላን ነው፤ ያተረፈው ፖስታ ቤቱ ብቻ።

ስለ ቀይዋ ልንገርሽ። የድሮ ሰዎች ሞተር ሲፈትኑ ሳንቲም በጠርዟ ክዳኑ ላይ ያቆሟታል። ካርቡራተሮቹ ከተስማሙ ሳንቲሟ ትቆማለች፤ ካልተስማሙ ትወድቃለች። ጆሮ ባይኖርም ዓይን አለ ብዬ በየቀኑ አቆማታለሁ። በየቀኑ ትወድቃለች። ወለሉ ላይ ስትንከባለል ድምፅ የላትም፤ ጎንበስ ብዬ እፈልጋታለሁ።

መርፌ ጠየቅሁሽ። ድምፅ ጠየቅሁሽ። የምፈልገውን ለማለት አፌ አልደፍር ብሎኝ ነው። ነይ። ለሁለት ሳምንትም ቢሆን ነይ። ቱቦውን ያዢና ግራው ይበልጥ ቀኙ ንገሪኝ።

አጎቴ ደንቆሮ ነው ብለሽ ለማንም አታውሪ፤ ሰዓት ሠሪው ይበቃኛል።

አጎትሽ


ሐምሌ 24

ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? የሚያዝያውንም ሰላምታ እዚሁ ላይ ደምረው።

ተቆጥቼህ ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል። ከዚያ "እዚህ ላይ ዝም ትላለች" የሚለውን አሰብኩና ተውኩት። ሰዓት ሠሪው ሥራው ያምራል፤ ዝምታውንም ሳይጥል ጻፈው።

የለመንከኝን ልጻፍልህ። ብርማዋን ሲያስነሷት መጀመሪያ እግሬ ሥር ያለው ጠጠር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ባልዲዬ ውስጥ ያለው ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እዚህ፣ ደረቴ አጥንት ላይ፣ ሰው በመዳፉ መታ መታ የሚያደርገኝ መሰለኝ። ግን አንዷ ምት ትጎድላለች። አምስቴ መታ ያደርግህና አንዷን ይዘላል፤ ደረጃ ሲወርድ አንድ እርከን እንደሳተ ሰው። ሦስተኛዋ አይደለችም ጋሼ። አምስተኛዋ ናት። ግምትህን ግን አደንቃለሁ።

ያን ቀን ሰምቼ ዝም ብዬ ነበር። ጨርቅ የያዘች ሴት ስለ ሲሊንደር ብትናገር ማን ይሰማታል? ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት ግን ወደ ሽማግሌው መካኒክ ሄጄ "ብርማዋ አምስተኛዋ አትሠራም፤ እሳት የምትጭረዋን ካንዴላዋን እይ" አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ፤ "አመሰግናለሁ" ብሎ ቡናውን ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ባልዲዬን ይዤ ሳልፍ ጠራኝ። መዳፉ ላይ የጠቆረች ካንዴላ አለች። ደረቴ ላይ ያለውን ቁጥር አየና፣ ትቶት፣ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሁለቴ ደጋግሞ አለው፤ አሳስቶ ነው ያለው፣ ግን አለው።

ስለዚህ ሥራውን ጥዬ አልመጣም፤ አሁን አልችልም። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ግን ሰጥተውኛል። መስከረም 18 እደርሳለሁ። በር አላንኳኳም፤ ገብቼ ትከሻህን እነካሃለሁ፣ እንዳትደነግጥ።

እስክመጣ ካርቡራተሮቹን አትንካቸው።

ዳዶ


ነሐሴ 18

ይድረስ ለዳዶዬ፣

መንገድሽ ቀና፣ ጎማሽ ሙሉ ይሁን። መስከረም 18ን ግድግዳው ላይ በከሰል ጽፌዋለሁ፤ ሰዓት ሠሪው በየቀኑ እየመጣ "ገና ነው" ይለኛል፣ ያላየሁት ይመስል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት በነበረው እሑድ ሳንቲሟ ቆመች። በመዳፌ ብቻ እየዳሰስኩ፣ ብሎኑን እንደ ፀጉር በቀጠነ ልክ ሳዞር፣ ቆመች። ሰዓት ሠሪው ምስክሬ ነው፤ ሰዓት ይዞ አሥር ደቂቃ ቆጠረና "በል እንግዲህ ንዳት፣ ምን ትጠብቃለህ?" ብሎ በእጁ ጠቆመኝ። ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። መሪውን ያዝኩ። ከዚያ ጎኔ ያለውን ወንበር አየሁና ሞተሩን አጠፋሁት። "ቀስ በል" የሚለኝ ከሌለ መፍጠኑ ምን ያደርግልኛል?

በማግስቱ ደብዳቤሽ መጣ። አንብቤ ስጨርስ ካቻቪቴዬን አነሣሁና የአንዱን ካርቡራተር ብሎን አንድ ዙር ተኩል አላላሁት።

የትኛውን እንደሆነ አልነግርሽም። ቱቦውን በሳሙና አጥቤ ምስማሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

አጎትሽ